ቡና የተከሰሰበት ቤት

በጥር 2015 ዓ.ም. እትዬ ረከቦታቸውን፣ ጀበናቸውንና የከሰል ምድጃቸውን ይዘው ከሳሎኑ ወደ ጓሮው ማድቤት ወጡ። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው በዚያ ቤት ቡና ከ40 ዓመት በላይ የተፈላው ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ነበር። ያስወጧቸው ባለቤታቸው፣ የእናቴ ወንድም ጋሼ ናቸው። «ጭሱና ሙቀቱ ክራሮቹን እየሰነጠቀ ነው» አሉ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጡም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ክስ ነው። ሥራዬ የቅርስ ጥበቃ ነው። ከሐምሌ 2016 እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. በዚያ ቤት ስቆይ ያየሁትን፣ የለካሁትንና የተሳሳትሁትን ነው የምጽፈው። ሁለቱም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ቤቱ ሦስት ክፍል አለው፤ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና የእንግዳ ክፍል። በእነዚህ ሦስት ክፍሎች 64 የሙዚቃ መሣሪያ ቆጥሬያለሁ፦ 26 ክራር፣ 17 ማሲንቆ፣ 5 በገና፣ 9 ዋሽንትና 7 ከበሮ፣ አታሞና ድቤ። ሳሎኑ ውስጥ ሰው ሲቀመጥ ጭንቅላቱ የክራር ገበቴ፣ በቆዳ የሚለበጠውን ሆዱን፣ እንዳይነካ ጎንበስ ይላል። በመኝታ ቤት አልጋው ሥር 12 ክራርና ማሲንቆ በፌስታል ተጠቅልሎ ተደርድሯል። በእንግዳ ክፍል አልጋው ወጥቶ በገናዎቹ ገብተዋል፤ ስለዚህ እኔ የተኛሁት ሳሎን ውስጥ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ከአንዱ የወሎ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ከእያንዳንዱ አንድ ነገር ይዘው ይመጡ ነበር። የመጀመሪያውን ክራር ከባቲ የሰኞ ገበያ ገዙ። ከደላንታ የመጣው ማሲንቆ ገበቴው በፍየል ቆዳ የተለበጠ ነው፤ ከቦረና የመጣውን ክራር የሠራው እረኛ ደግሞ እንጨት ከመፈልፈል ይልቅ የብረት ሳህን ተጠቅሟል። ድምፁ ደረቅና ቀጭን ነው፤ ጋሼ ከሁሉ አስበልጠው ይወዱታል። በገናውን የሚነኩት በዐቢይ ጾም ምሽት ነው። አሥሩም ክሮች ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው፤ ክሮቹን ደግፎ በሚይዘው ብርኩማ ላይ ከየክሩ ሥር የምትገባው ትንሽዬ ቆዳ፣ እንዝራዋ፣ ያንን የሚርገበገብ ድምፅ ትሰጠዋለች። ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እትዬም የሚሠሩትን ትተው ይቀመጣሉ።

አንድ ልማዳቸውን ልብ በሉልኝ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። ጋሼ በዚህ ይኮራሉ። እንግዳ መጥቶ «እስቲ አምባሰል» ቢል ክር እየጠመዘዙ ማስጠበቅን እንደ ነውር ይቆጥሩታል። ስለዚህ እጃቸው የሚደርስበትን ክራር ሁሉ በአራቱ ቅኝቶች ከፋፍለው ሁልጊዜ ቃኝተው ያቆያሉ። በየማለዳው፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየዞሩ አንድ አንድ ጊዜ ይመቷቸዋል፤ የወረደውን ያጠብቃሉ። ማሲንቆዎቹንም እንዲሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቡ ከተማውን ለቆ ወጣ። ጋሼ ማውጣት የቻሉት አንድ በገና ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ፣ በቀድሞው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ውስጥ የሚገኘው የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ቤተሰቡ ሲመለስ የቤቱ በር ተሰብሯል፣ ቴሌቪዥኑና ብርድ ልብሶቹ የሉም፤ መሣሪያዎቹ ግን በየችንካራቸው ላይ ነበሩ። እትዬ እንደነገሩኝ ጋሼ ያን ቀን ቆጥረው ሲጨርሱ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ማዋስ ተዉ። ቀድሞ ማሲንቆ የሚማሩ ልጆች እየወሰዱ ይመልሱ ነበር፤ ያ ቀረ። በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ገባ። የልጅ ልጆቻቸው ሲመጡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው እንዲቀመጡ ይነገራቸው ጀመር። ይህን ስጽፍ ልወቅሳቸው አይደለም፤ ከተማ ሲዘረፍ ያየ ሰው ያለውን ቢጨብጥ ምን ይገርማል?

ከዚያ ነው መሰንጠቁ የመጣው። ጋሼ የመምህር ደብተር አላቸው፤ ሁሉንም በቀን ጽፈዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ 2015 አራት መሣሪያ፣ በግንቦት 2015 ሁለት፣ በኅዳር 2016 ሦስት። በድምሩ ዘጠኝ፦ አምስት ክራርና አራት ማሲንቆ። የአንዳንዱ ገበቴ ተሰንጥቋል፣ የአንዳንዱ ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ተቀዷል፣ የአንዱ ማሲንቆ አንገት ከገበቴው ተነቅሏል።

እትዬ ከሳሎን የወጡት ከመጀመሪያዎቹ አራት በኋላ ነው። ቡናው ወደ ጓሮ ሲሄድ ጎረቤትም አብሮ ቀረ፤ የማድቤቱ መሬት ለሁለት ሰው እንኳ አይበቃም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚቀዳው ቡና በወሎ ቤት የመጠጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዱዓ የሚደረገው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። እትዬ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ናቸው፣ ጋሼ ክርስቲያን፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጋብቻ ብርቅ አይደለም። የሁለቱም ወገን ዘመድ በአንድ ክፍል የሚገናኝበት ሰዓት ግን ያ የቡና ሰዓት ነበር። ያ ሰዓት ለሁለት ዓመት ገደማ ተቋረጠ።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ቡናው ከወጣ በኋላ በግንቦት ሁለት መሣሪያ ሲሰነጠቅ፣ ጋሼ «እኔ በሌለሁበት ሳሎን ውስጥ አፍልተሻል» ብለው ጠረጠሩ። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዝ ነበር። «ቤት ውስጥ የቀረሁት ጥፋተኛ ለመሆን ነው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ነው መንገዱን ያሳየኝ። ከጋሼ ደብተር ጋር አብሬ ያየሁት ነገር አለ፦ ዘጠኙም መሣሪያ የተሰነጠቀው ጋሼ ቤት ባልነበሩበት ጊዜ ነው። በየዓመቱ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ታኅሣሥ፣ መኸር ለማስገባት ወረኢሉ ወንድማቸው ዘንድ ይሄዳሉ። በግንቦት 2015 ደግሞ ዓይናቸውን ለመታከም አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ቆይተዋል። እሳቸው ሲሄዱ የሚሰበር፣ እሳቸው ሲኖሩ የማይሰበር ዕቃ። ሲመለሱ ቤት የሚያገኙት ሰው እትዬን ነው፤ ጥርጣሬውም በዚያው ወደቀ።

ሁለተኛው ማስረጃ ቦታው ነው። ቡና የሚፈላበት ሳሎን ውስጥ የተሰነጠቁት አራት ናቸው፤ አምስቱ የተሰነጠቁት ከሰል ገብቶባቸው በማያውቁት በመኝታ ቤትና በእንግዳ ክፍል ነው። ሦስተኛውን ያገኘሁት መሰላል ላይ ስወጣ ነው። በሳሎኑ ኮርኒስ ሥር፣ ከበሩ በላይ፣ 11 ክራርና ማሲንቆ ተሰቅለዋል። አቧራ ለብሰዋል፣ ክራቸው ላልቷል። ጋሼ ትከሻቸውን ካመማቸው ወዲህ እጃቸው እዚያ አይደርስም። የከሰሉ ሙቀትና ጭስ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ወደ ኮርኒሱ ነው። ከ11ዱ አንዱም አልተሰነጠቀም።

ጥሬ ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይላላል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራ እርጥብ አየር ሲያገኘው ይረዝማል፣ ደረቅ አየር ሲያገኘው ያጥራል። እንጨት የሚያብጠውና የሚሸበሸበው በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ገበቴ ሲጨነቅ የሚተረተረው ቁመቱን ተከትሎ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደሴ በጉም ተጠቅልላ ስትከርም የቤቱ ቆዳ ሁሉ ይላላል፣ የክራሩም የማሲንቆውም ድምፅ ይወርዳል። ጋሼ በየማለዳው ያጠብቃሉ። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። መስከረም ላይ ዝናቡ ያቆማል፣ በጥቅምት ደረቁ ነፋስ ይገባል። ያን ጊዜ ቆዳው ይኮማተራል፣ ጭራው ያጥራል፣ እንጨቱ ይሸበሸባል፤ የነሐሴው ጥምዘዛ ግን መቃኛው ላይ እንዳለ ነው። ጋሼ ቤት ቢሆኑ ድምፁ ከቅኝቱ በላይ ሲወጣ ሰምተው ያላሉት ነበር። በማለዳ ዙራቸው ሳያውቁት መሣሪያዎቹን ያድኗቸው ነበር፤ ሲሄዱ የሚያላላ እጅ ጠፋ።

ግንቦትስ? ደሴና አካባቢዋ ከክረምቱ ሌላ በልግም አላት። ከየካቲት ጀምሮ የሚዘንበው ዝናብ ሲያባራ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ አየሩ ይደርቃል። ስለዚህ ያ መላላትና መኮማተር በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። በልግ የሌለው አገር ያለ ሰብሳቢ አንድ ጊዜ የሚያስበውን የደሴ ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ደብተራቸውን አምጥተው ቀኖቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ። የጂኦግራፊ መምህር ናቸውና ስለ በልግ እኔ ላስረዳቸው አልችልም። «ለተማሪዎቼ 30 ዓመት ያስተማርሁትን በቤቴ ግድግዳ ላይ ሳላየው» አሉ።

መለኪያ ካላዩ ግን አያምኑም፤ ደግሞም ትክክል ናቸው። እንጨትና ቆዳ ለያዘ ክምችት ከ40 እስከ 60 በመቶ የአየር እርጥበት ተስማሚ ነው፤ ከቁጥሩም ይልቅ የሚጎዳው ፈጣን መዋዠቅ ነው። በነሐሴ እትዬ ቡናውን ሳሎን ውስጥ፣ በቀድሞው ቦታ፣ ለአንድ ሳምንት እንዲያፈሉ ለመንሁ። «አብሽሪ ልጄ፣ ፈርዶብኝ የለ፣ ደግሞ ምን ይመጣል» ብለው ተስማሙ። የእርጥበትና የሙቀት መለኪያውን ለምድጃው ቅርብ በሆነው ክራር ላይ አሰርሁት። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ የተንቀሳቀሰው በጣም ጥቂት ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት ወዲያው ይመለሳል። ከዚያ መለኪያውን ወስጄ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ከውጭ በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። በዚያ ሳምንት ከ80 በመቶ በታች አልወረደም።

ቡናው ሙሉ በሙሉ ነፃ ወጣ ማለቴ ግን አይደለም። ለምድጃው ቅርብ የነበሩት አራት ክራሮች ቆዳቸው ላይ ጥቁር ጥላሸት አለ፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ሲጠረግ ጥቂቱ ለቀቀ፣ የቀረው ገብቶበታል። ጥላሸት ያጠቁራል እንጂ እንጨት አይሰነጥቅም። አራቱን ክራር ወደ ሌላው ግድግዳ ማዛወር ይበቃ ነበር። ሴትዮዋን ማዛወር አያስፈልግም ነበር።

የመኝታ ቤቱ ግድግዳ የራሱ ታሪክ አለው። የጣሪያው አሸንዳ በአንድ በኩል ተቀዶ ውኃው በቀጥታ ግድግዳው ሥር ይወርድ ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት «እንዲጠነክር» ተብሎ ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኗል። ጭቃ ብቻውን ቢሆን እርጥበቱን ጠጥቶ መልሶ ይተፋዋል፤ ሲሚንቶው ግን ወደ ውጭ የሚወጣውን መንገድ ዘጋው፣ ውኃውም ወደ ክፍሉ መውጣት ጀመረ። ከአልጋው ሥር በፌስታል የተጠቀለሉትን ስፈታ ከውስጣቸው የወጣው ሽታ እስካሁን ይታወሰኛል። ፌስታል ከውጭ የሚመጣውን ውኃ ይከለክላል፣ ከውስጥ ያለውንም አብሮ ያፍናል። ሰባቱ ሻግተዋል። ሦስት ማሲንቆዎች ጭራቸውን ብል በልቶታል፤ የቀረው የተቆራረጠ ፀጉርና እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ነው። ብል ጨለማና ሰው የማይነካው ቦታ ይወዳል። እነዚያ ማሲንቆዎች ልጆች እየተዋሱ በሚወስዷቸው ዘመን ብል አያውቃቸውም ነበር።

እዚህ ላይ ነው በእውነት የደነገጥሁት። ጋሼ ብሉን ለመከላከል በየፌስታሉ ውስጥና ከፍራሹ ሥር ናፍታሊን በትነዋል፤ በብዛት። እትዬ በዚያ ክፍል ነው የሚተኙት። ከዓመት በላይ በየማለዳው ራሳቸውን እያመማቸው፣ ከቀትር በኋላ እየተሻላቸው ኖረዋል፤ ቡናቸው ስለተቋረጠ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የናፍታሊን ትነት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ለሕፃናት ደግሞ የባሰ አደገኛ ነው፣ የልጅ ልጆቹም በበዓል ሲመጡ እዚያው ይተኙ ነበር። ያን ቀን ማታ ናፍታሊኑን ለቅመን አወጣን፣ ፍራሹን ደጅ አዋልነው፣ ክፍሉን ለቀናት ክፍት አደረግነው። በሁለተኛው ሳምንት የማለዳው ራስ ምታት ቀረ። መሣሪያ ለማትረፍ ሰው በሚተኛበት ክፍል መርዝ የሚያስቀምጥ ሰብሳቢ ካለ፣ ይህን አንቀጽ ደግሞ ያንብብልኝ።

የቀረው ሥራ ነው። አሸንዳው በሐምሌ መጨረሻ፣ ከሁሉ በፊት፣ ተጠገነ፤ በአንድ ቀን አለቀ። ዝናቡ ሲያቆም የግድግዳው የታችኛው ሲሚንቶ ተፈርፍሮ በጭድና በጭቃ ተመረገ። ፌስታሎቹ ወጥተው በአቡጀዲ ከረጢት ተተኩ። መኝታ ቤቱ ውስጥ መሣሪያ እንዳይኖር ተስማማን፤ እንግዳ ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳው ሦስት ጣት ያህል የራቀ የጣውላ መስቀያ ተሠራ፣ አየር ከኋላ እንዲያልፍ። በብል የተበላው ጭራ ተጣለ፣ ገበቴዎቹ ደጅ በብሩሽ ተጠረጉ፣ ከሌሎቹ ተለይተው እስከ ኅዳር በየሳምንቱ ታዩ።

ስሕተቴ የመጣው በቅኝቱ ላይ ነው። «ሁሉም ይላላ» አልሁና ሦስት በገና ክሮቻቸውን እስከ መጨረሻው ፈታሁ። ብርኩማዎቹ ወደቁ፣ እንዝራዎቹ ከቦታቸው ተንሸራተቱ። ጋሼ ሦስቱን መልሰው ለማቃናት ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፣ እኔ ግን አፈርሁ። ክር የሚላላው ብርኩማውን ይዞ ሊያቆም እስከሚችል ድረስ ብቻ ነው። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ተቃኝተው የሚቆዩት ክራሮች አራት ብቻ፣ ለየቅኝቱ አንድ። ሌሎቹ ዓመቱን ሙሉ ላላ ብለው ይቆያሉ። አራቱንም ጋሼ ወደ ወረኢሉ ከመሄዳቸው በፊት ያላሏቸዋል፤ በሌሉበት ጊዜ ደግሞ እትዬ በየሳምንቱ አንድ አንድ ጊዜ ይመቷቸዋል፣ ድምፁ ከቅኝቱ በላይ ከወጣ መቃኛውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። እትዬ ክራር ነክተው አያውቁም ነበር። ጆሯቸው ግን የ40 ዓመት ጆሮ ነው፤ ባቲው ሲወጣ ከጋሼ ቀድመው ይሰማሉ።

በጥቅምት 2017 ጋሼ ወረኢሉ ሄዱ፣ በኅዳር መጨረሻ ተመለሱ። አንድ ማሲንቆ ተሰንጥቆ ጠበቃቸው፤ ቀድሞ ተሰንጥቆ በሙጫ የተያያዘ ነበር፣ በዚያው በአሮጌው ስንጥቅ ለቀቀ። ደብተራቸው ላይ ቀኑን ጻፉ፣ ምክንያቱንም ጻፉ። ከዚያ ጎረቤቶቹን እንድጠራ ላኩኝ። ቡናው ተፈልቶ፣ ሰዉ ሳሎኑን ሞልቶ ሳለ፣ በአቦሉ ላይ ቆመው «ይቺ ሴት ሁለት ዓመት ያለ ጥፋቷ ከሳሎኗ አስወጥቻታለሁ፤ አፉ በይኝ» አሉ። እትዬ ሲኒውን አቀበሏቸው።

ስለ 64ኛው መሣሪያ አልተናገርሁም። ቆጠራውን ስጽፍ «ባለቤት» የሚል ዓምድ ነበረው። ለ63ቱ የጋሼን ስም ጻፍሁ። የመጨረሻው በእርጥቡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ቆዳው እንደ ጨርቅ የላላ አሮጌ ድቤ ነው። «ይህስ?» ስል እትዬ ከበሩ ላይ «የአባቴ ነው» አሉ። አባታቸው በሐድራ፣ መንዙማ በሚባልበት ስብስብ፣ ላይ ይመቱት የነበረ ነው። ሲሞቱ ወደ ልጃቸው ቤት መጣ፣ ጋሼም በክብር ከሌሎቹ ጋር ሰቀሉት። እንዲሰቀል እትዬን የጠየቃቸው አልነበረም፤ እሳቸውም አልከለከሉም።

በመስከረም 2017፣ ለመውሊድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ እትዬ ድቤውን ራሳቸው አወረዱት። ጥላ ውስጥ ለቀናት አደረቁት፣ ከዚያ በማለዳ ፀሐይ አሞቁት፤ ቆዳው ቀስ እያለ ጠበቀ፣ በጣታቸው ሲመቱት መለሰ። ወንድማቸው መጥቶ ወሰደው። ማታ ከወንድማቸው ቤት መንዙማው እስከ ንጋት ሲሰማ ጋሼና እኔ ደጅ ቆመን አዳመጥን፤ ጋሼ ድቤውን ከሌሎቹ መካከል ለዩት።

በማግስቱ ጋሼ «ሲመለስ ደረቁ ግድግዳ ላይ ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ» አሉ። እትዬ እንደማይመለስ ነገሯቸው። በቆጠራው ላይ 64ን ሰርዤ 63 ጻፍሁ፤ በባዶው ችንካር ላይ አሁን እትዬ ነጠላቸውን ይሰቅሉበታል።